ያላመለጠው ፍየል
«ስኬፕጎት» ስለሚባለው የእንግሊዝኛ ጥምር ቃል የቀረበ የሕዝብ ትምህርት ንግግር



ኳስ የምትወዱ ወጣቶች ሊዮኔል ሜሲን «ጎት» ስትሉት እሰማለሁ። ፍየል ልትሉት እንዳልሆነ ይገባኛል። «የምንጊዜም ታላቁ» ለማለት የሚያገለግሉት አራት የእንግሊዝኛ ቃላት በመነሻ ፊደሎቻቸው ሲገጣጠሙ ፍየል የሚለውን ቃል ስለሚሰጡ ነው። አሜሪካ ውስጥ ግን ይህ ምህጻረ ቃል ከመለመዱ በፊት አንድን ስፖርተኛ «ጎት» ማለት ስድብ ነበር። ኳሷን የሳተ፣ በመጨረሻዋ ደቂቃ የተሳሳተ፣ የቡድኑ ሽንፈት በሙሉ የተላከከበት ተጫዋች ነበር እንዲህ የሚባለው። ያኛው ጎት ምህጻረ ቃል ሳይሆን የሌላ ረዘም ያለ ቃል ጅራት ነበር፤ የ«ስኬፕጎት»። ዛሬ የማወራችሁ ስለዚህ ቃል ነው።

መዝገበ ቃላት ብትገልጡ ትርጉሙ አጭር ነው፤ ሌሎች ላጠፉት ጥፋት ተወቃሽ የሚደረግ ሰው ወይም ወገን ይላችኋል። ሐሳቡ ለእኛ እንግዳ አይደለም። «አህያውን ፈርቶ ዳውላውን» የሚለው ተረታችን ግማሹን ይናገረዋል። የሚገርመው ፍየሉ እዚያ ውስጥ ምን እንደሚሠራ፣ ይልቁንም «ማምለጥ» የሚለውን ግስ ከፍየሉ ጋር ምን እንዳገናኘው ነው። የሰው ጥፋት ተጭኖበት ከሰፈር የተባረረ እንስሳ ምኑን አመለጠ?

ዛሬ የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አደራ ልብ በሉልኝ።

ቃሉን እንፍታው። «ስኬፕ» የ«ኢስኬፕ» አጭር መልክ ነው፤ በቀድሞው እንግሊዝኛ የፊቱን ድምፅ ጎምዶ መናገር የተለመደ ነበር። ኢስኬፕ ማምለጥ፣ ጎት ፍየል፤ ሲጣመሩ የሚያመልጥ ፍየል። እንግሊዝኛ ግስና ስምን አጋብቶ አዲስ ስያሜ ማውጣት ይወዳል። ኪስ አውላቂውን በሁለት ቃል «ኪስ ምዘዝ» እንደማለት ይጠራዋል፤ አዝመራ ላይ የሚተከለውን ማስፈራሪያም «ቁራ አስደንግጥ» እንደማለት። በእነዚህ ስያሜዎች ስሙ ድርጊት የሚደርስበት ነው፤ ኪሱ ይመዘዛል፣ ቁራው ይደነግጣል። በስኬፕጎት ውስጥ ግን የግሱ ባለቤት ፍየሉ ራሱ ነው። አመለጠ የተባለው እሱ ነው።

ኢስኬፕ ራሱ የሚጣፍጥ ታሪክ አለው። ወደ እንግሊዝኛ የገባው ከፈረንሳይኛ ሲሆን፣ ከኋላው ደግሞ ተራው ሕዝብ ይናገረው የነበረ ላቲን አለ፤ «ኤክስ» ማለት ከውስጥ ወደ ውጭ፣ «ካፓ» ማለት ካባ። እንግዲህ ማምለጥ ማለት ካባን በአሳዳጅ እጅ ጥሎ ሾልኮ መውጣት ነው። የጲጥፋራ ሚስት ልብሱን ይዛ የቀረችበት ዮሴፍ በዚህ ፍቺ የዓለም ቁጥር አንድ አምላጭ ነው ማለት ይቻላል።

የአብዛኛው ቃል ፈጣሪ አይታወቅም፤ የስኬፕጎት ግን ይታወቃል። ዊሊያም ቲንደል ይባላል፤ ከግሎስተርሻየር የተገኘ፣ በኦክስፎርድ የተማረ ካህን ነበር። በዘመኑ እንግሊዝ ውስጥ ያለ ጳጳስ ፈቃድ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ሕዝቡ ቋንቋ መመለስ ክልክል ስለነበር ባሕር ተሻገረ። አዲስ ኪዳንን በ1526 በጀርመኗ ቮርምስ አሳተመ። ዕብራይስጥ ተምሮም አምስቱን የሙሴ መጻሕፍት በ1530 አወጣ። መጽሐፉ በማርቡርግ እንደታተመ በላዩ ተጽፎበታል፤ ሐሰት ነው፤ የታተመው አንትወርፕ ሲሆን የተዋሸውም አታሚውን ለመሸሸግ ነው። ቲንደልን ግን የሸሸገው አልነበረም። በ1535 እዚያው አንትወርፕ ተከዳና ተያዘ፤ በዓመቱ በብራሰልስ አቅራቢያ ባለችው ፊልፎርደ አንቀው ገደሉትና አስከሬኑን አቃጠሉት።

ቲንደል የባዕድ ቃል ሲያስቸግረው ከመበደር ይልቅ አራሹ ገበሬ የሚያውቃቸውን ትናንሽ የእንግሊዝኛ ቃላት ይገጣጥማል። እኛ ፋሲካን እንደመጣ ስንቀበል፣ እሱ አልፎ መሄድን የሚያሳዩ ሁለት ቃላት አጣምሮ «ፓስኦቨር» አለው። ማስተስረያን «አቶንመንት» አለው፤ ሲፈታ «አንድ መሆን» ነው። ይህኛውን ከእሱ በፊትም የጻፉት ነበሩ፤ በመጽሐፍ ቅዱስ ገጽ ላይ አስቀምጦ የሁሉ ሰው ያደረገው ግን እሱ ነው። ኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 16 ላይ ሲደርስ ደግሞ አንድ የከበደ ቃል ገጠመው።

ምዕራፉን ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። በዓመት አንድ ቀን፣ አይሁድ ዮም ኪፑር፣ የቤተ እስራኤል ወገኖቻችንም አስተስርዮ በሚሉት ቀን፣ ሊቀ ካህናቱ ሁለት ፍየሎች ይቀበላል። ዕጣ ይጣልባቸዋል። አንዱ ለእግዚአብሔር ይወጣና ይታረዳል፤ ደሙ ወደ መጋረጃው ውስጥ ይገባል። ሁለተኛው አይታረድም። ሊቀ ካህናቱ ሁለት እጁን በፍየሉ ራስ ላይ ጭኖ የእስራኤልን በደል ሁሉ ይናዘዝበታል፤ ከዚያም የተመደበ ሰው ወደ ምድረ በዳ ይዞት ይሄዳል። የዚህ የሁለተኛው ፍየል ዕጣ «ለማን» ነው ቢባል፣ የዕብራይስጡ መልስ አንድ ቃል ነው፤ «ለአዛዜል»።

አዛዜል ምንድን ነው? ሊቃውንት ሁለት ሺህ ዓመት ተከራክረውበታል፤ ክርክሩ ዛሬም አልተዘጋም። አንደኛው ወገን ቃሉን ለሁለት ይከፍለዋል። በዕብራይስጥ «ዔዝ» ፍየል፣ «አዛል» ሄደ ነው፤ ፊደሎቹም ልክ ይመጣሉ። ስለዚህ አዛዜል የሄደ ፍየል ነው ይላል። ወደ ግሪክኛ የመለሱት ሰብዓ ሊቃናት በዚህ መንገድ ሄደው «የሚሰደደው» እንደማለት ተረጎሙት። በላቲን ቅዱስ ጀሮም «የሚላክ ፍየል» አለው። ማርቲን ሉተርም በጀርመንኛው «ልቅ ወጠጤ» አለው። በቲንደል ጠረጴዛ ላይ የነበሩት እነዚህ ነበሩ፤ እሱም ተከትሏቸው «ስኬፕጎት» አለ። ሁለተኛው ወገን በአይሁድ ታልሙድ የሚገኝ ነው፤ አዛዜል የቦታ ስም፣ ጠንካራና ገደላማ ተራራ ነው ይላል። ሦስተኛው ወገን ጥቅሱን በቀጥታ አንብቡት ይላል፤ አንዱ ዕጣ «ለእግዚአብሔር» ከሆነ፣ ትይዩ የቆመው ሌላው «ለአዛዜል» የተባለው የአንድ አካል ስም መሆን አለበት፤ በምድረ በዳ የሚኖር ርኩስ ኃይል ነው።

እኔ ወደ ሦስተኛው አደላለሁ። የመጀመሪያው አተረጓጎም ብልህ ነው፤ ግን ምዕራፉ ራሱ የፍየሎቹን ስም ሲጠራ «ዔዝ»ን ለብቻው አይጠቀምም፤ ሌላ ቃል አለው። ከዚያም በላይ የሚቀጥለው ምዕራፍ፣ ዘሌዋውያን 17፣ ሕዝቡ በበረሃ ለሚታሰቡ የፍየል መልክ ላላቸው አጋንንት መሠዋቱን እንዲተው ያዝዛል። በዚያ ዘመን ሰው አእምሮ ውስጥ ምድረ በዳው ባዶ አልነበረም።

የአዛዜልን ታሪክ ለማወቅ የፈለገ ሰው ደግሞ የግድ ወደ እኛው የብራና መጻሕፍት መምጣት አለበት። የግዕዙ ብሉይ ኪዳን የተመለሰው ከግሪኩ ስለሆነ በዘሌዋውያን ሥር አዛዜል ብለው ቢፈልጉት አይገኝም፤ የግሪኩ ተርጓሚዎች ስሙን ወደ ድርጊት ለውጠውታል። በመጽሐፈ ሄኖክ ግን አዛዝኤል በሙሉ አካሉ አለ። ከሰማይ ወርደው የሰውን ሴቶች ልጆች ካገቡት ትጉሃን አንዱ ነው። ለሰው ልጅ ሰይፍና ጋሻ፣ ጥሩርና አምባር መሥራትን፣ ዓይን መኳልንም ያስተማረው እሱ ነው። በምዕራፍ 10 እግዚአብሔር ሩፋኤልን ይልከዋል፤ አዛዝኤልን እጅና እግሩን አስሮ ዱዳኤል በሚባል ምድረ በዳ ጨለማ ውስጥ እንዲጥለው፣ ሻካራና ስለታም ድንጋይ እንዲጭንበት ያዝዘዋል። ቀጥሎም ምድር በአዛዝኤል ሥራ እንደጠፋች ተናግሮ ኃጢአት ሁሉ በእሱ ላይ እንዲጻፍ ይላል።

ኃጢአት ሁሉ በአንድ ላይ፤ መድረሻውም በረሃ። የሁለቱ ታሪኮች ዝምድና አይን ውስጥ የሚገባ ነው። የአይሁድ የቃል ሕግ ስብስብ የሆነው ሚሽና ፍየሉ የሚያልፍበትን ቦታ ሲጠራ «ቤት ኅዱዶ» የሚል ስም ያነሳል፤ ይህን ከዱዳኤል ጋር ያገናኙት ተመራማሪዎች ብዙ ናቸው። ማን ከማን ወሰደ የሚለው ሌላ ነገር ነው። የሚታወቀው ግን ይህ መጽሐፍ ሙሉ ሆኖ የቆየው በግዕዝ ብቻ መሆኑ ነው። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ከኢትዮጵያ የወሰዳቸውን ቅጂዎች ይዞ በ1773 አውሮፓ ሲገባ አዛዝኤልም አብሮ ገባ፤ ሪቻርድ ሎረንስ በ1821 ወደ እንግሊዝኛ መለሰው። ቆየት ብሎ በሙት ባሕር አጠገብ በኩምራን ዋሻዎች የአራማይክ ቁርጥራጮቹ ተገኙ። ከዚያ በፊት፣ በ1885፣ የታረመው የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ቅዱስ የቲንደልን ስኬፕጎት ከዋናው ጽሑፍ አውጥቶ «አዛዜል»ን መልሶ አስገባ። ግን ማን ይሰማል? ቃሉ ከመጽሐፉ ወጥቶ ቤት ሠርቶ ነበር። የ1611 የንጉሥ ጄምስ ትርጉም የቲንደልን ቃል እንዳለ ስለወሰደው ከሁለት መቶ ሰባ ዓመት በላይ በየቤተ ክርስቲያኑ ሲነበብ ኖሯል።

አዛዜል ግን በሌላ በኩል በሕይወት አለ። እስራኤል ያላችሁ ወገኖቻችን በየመንገዱ የምትሰሙት ነው፤ የተናደደ ዕብራይስጥ ተናጋሪ ሌላውን «ሌኽ ላዛዜል» ሲለው፣ እኛ «ገደል ግባ» የምንለውን ማለቱ ነው። ገደሉም በአጋጣሚ ተስማምቷል፤ እንዴት እንደሆነ ልንገራችሁ።

ዘሌዋውያን ፍየሉ በምድረ በዳ ይለቀቃል ብሎ ያቆማል። ከዚያ በኋላ ምን ሆነ? ሚሽና ይመልሳል። የተጠናቀረው በ200 ዓ.ም. ገደማ፣ ቤተ መቅደሱ በ70 ዓ.ም. ከፈረሰ ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ ነው፤ ቢሆንም የሥርዓቱን ዝርዝር እንደ ዐይን ምስክር ይተርካል። ሁለቱ ፍየሎች በመልክ፣ በቁመት፣ በዋጋ ሳይቀር እንዲመሳሰሉ ይፈለጋል። ለሚሰደደው በራሱ ላይ ቀይ የሱፍ ክር ይታሰርለታል። ከኢየሩሳሌም እስከ ገደሉ ባለው መንገድ ላይ ዐሥር ዳስ ተተክሏል፤ የጾም ቀን ቢሆንም ፍየሉን ለሚነዳው ሰው በየዳሱ ምግብና ውሃ ይቀርብለታል። ሕዝቡ ፍየሉን ፀጉሩን እየነጨ «ውሰድና ውጣ» እያለ ስለሚያጣድፈው ከፍ ያለ መተላለፊያ ተሠርቶለት ነበር። ገደሉ ጫፍ ሲደርስ ሰውዬው ክሩን ለሁለት ይከፍለዋል፤ ግማሹን በድንጋዩ፣ ግማሹን በቀንዶቹ መካከል ያስራል። ከዚያም የኋሊት ይገፈትረዋል። ፍየሉ ገደሉን ሳያጋምስ ይበጣጠሳል።

ስለዚህ ጥያቄያችን መልስ አገኘ። ፍየሉ አላመለጠም። የኦሪቱ ጸሐፊ ለቆት ነበር፤ የኋለኞቹ ግን ኃጢአታቸውን የተሸከመ ፍየል ተመልሶ ሰፈር ውስጥ ሲግጥ ማየት አልወደዱም፤ ማን ይወዳል? ቲንደል የጻፈው የመጽሐፉን ፍየል ነው፤ በታሪክ የሄደው ፍየል ሌላ ነው። በቃሉ ውስጥ ያመለጠ ካለ ያመለጠው ሕዝቡ ነው።

እንዲህ ያለ ሥርዓት የእስራኤል ብቻ አልነበረም። በአናቶሊያ የነበሩት ኬጢያውያን መቅሰፍት ሲገባባቸው እንስሳ አስጊጠው ወደ ጠላት አገር ይነዱ ነበር፤ በሽታውን ለጎረቤት እንደመላክ ነው፤ ዲፕሎማሲው ያስቃል። የግሪኮቹ ግን አያስቅም። በአቴናና በሌሎች ከተሞች «ፋርማኮስ» የሚሉት ሰው፣ ብዙውን ጊዜ ድሀ ወይም መልከ ጥፉ፣ ተመርጦ ከከተማ ይባረር ነበር። ጄምስ ፍሬዘር የተባለው ሊቅ በ1913 አንድ ሙሉ ጥራዝ ለዚህ ሰጥቶ ርዕሱን «ዘ ስኬፕጎት» ብሎታል።

ወደ ቃሉ እንመለስ። ከ1530 ጀምሮ ለሦስት መቶ ዓመት ያህል ስኬፕጎት የመጽሐፍ ቅዱስ ፍየል ብቻ ሆኖ ቆየ። በዛሬው ትርጉሙ፣ ማለትም ስለ ሰው ተነግሮ፣ መዝገበ ቃላት የሚጠቅሱት ቀደምት ምስክር 1824 ነው። ደራሲዋ ሜሪ ራስል ሚትፎርድ ስለ መንደሯ በጻፈችው መጽሐፍ ውስጥ የባላገር ልጆች በመንደሩ ለጠፋው ሁሉ እንደሚወቀሱና ዕጣቸውን በትዕግሥት እንደሚሸከሙ ስትገልጽ በዚህ ቃል ጠራቻቸው። አጀማመሩ እንዲህ ቀላልና ፈገግታ ያለበት ነበር።

ሠላሳ ዓመት ቆይቶ ሠዓሊው ዊሊያም ሆልማን ሃንት ፍየሉን ራሱን ሊሥል ወደ ሙት ባሕር ዳርቻ ወረደ። ጊዜው 1854 ነው። ሞዴል እንዲሆነው የወሰደው ፍየል በጉዞው ሞተበት፤ ሥዕሉን ኢየሩሳሌም ሲመለስ በሌላ ፍየል ጨረሰው። በ1856 ለንደን ላይ ሲታይ ተመልካቹ ግራ ተጋባ፤ ጨው በተጋገረበት ዳርቻ እግሩ የከዳው ፍየል፣ በቀንዶቹ ዙሪያ ቀይ ክር፣ ከዚያ ሌላ ሰው የለም። ዛሬ ትልቁ ሥዕል በሊቨርፑል አቅራቢያ በፖርት ሰንላይት፣ ትንሹ በማንቸስተር ይገኛል። እኔ ከሥዕሉ የምወድለት ሰውን አለማስገባቱን ነው። ተመልካቹ በቆመበት በኩል ማን እንዳለ ይጠይቃል፤ ያለው ደግሞ ራሱ ተመልካቹ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገሬ ደረስኩ። በኦሪቱ ሥርዓትና በዛሬው የቃሉ ትርጉም መካከል የመልክ እንጂ የባሕርይ አንድነት የለም፤ ይልቁንም ተቃራኒዎች ናቸው። በሥርዓቱ ጊዜ ፍየሉ ንጹሕ መሆኑን የማያውቅ አልነበረም። ሊቀ ካህናቱ «ይህ ፍየል በደለ» አላለም፤ «እኛ በደልን» ብሎ ጮክ ብሎ ተናዘዘ። በዛሬው አሠራር ግን ኑዛዜ የለም። ሰው ላይ ጥፋት የሚያላክክ ወገን «ስኬፕጎቴን አገኘሁ» ብሎ አያውቅም፤ የሚለው «ጥፋተኛውን አገኘሁ» ነው። በ1923 አቪኞን የተወለደው ፈረንሳዊ ሬኔ ዢራር በ1982 በዚህ ርዕስ ባሳተመው መጽሐፍ የደከመበት ይህንኑ ለማስረዳት ነው፤ ተወቃሹ የሚሠራው ወቃሾቹ ጥፋተኝነቱን እስካመኑ ድረስ ብቻ ነው፤ ንጹሕነቱ የታወቀ ዕለት መድኃኒትነቱ ያበቃል። ስለዚህ ቃሉ በአባራሪዎች አፍ አይገኝም፤ የተባራሪው ጠበቃ ቃል ነው።

ዢራር መጽሐፉን የሚከፍተው በጥቁሩ ወረርሽኝ ነው። በ14ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ወረርሽኙ አውሮፓን ሲፈጅ አይሁድ የውሃ ጉድጓድ መረዙ ተባለ። በየካቲት 1349 የስትራስቡርግ ነዋሪዎች በከተማቸው የነበሩትን አይሁድ በእሳት ፈጁ። ወረርሽኙ በዚያ ቀን ወደ ከተማዪቱ ገና አልገባም ነበር። ሰዎቹን የገደሉት ላልደረሰባቸው ሞት ነው።

ፈረንሳይ ውስጥ ካፒቴን አልፍሬድ ድሬፉስ ለጀርመን ሰልሏል ተብሎ በ1894 ሲፈረድበትና ወደ ዲያብሎስ ደሴት ሲጋዝ ነገሩ ከዚህ ይለያል፤ የቆመ ሕግ ነበር፣ ችሎት ነበር፣ ማኅተም ነበር። እውነተኛው ሰላይ ሌላ መኮንን መሆኑ ሲታወቅ እንኳ ጦሩ መመለስ አልፈለገም፤ ድሬፉስ ነጻ ከሆነ የሚወቀሰው ራሱ ጦሩ ነዋ! ኤሚል ዞላ ጥር 13 ቀን 1898 በጋዜጣ የጻፈው ታዋቂው ክስ አገሩን ለሁለት ከፈለ። ድሬፉስ ሙሉ በሙሉ ነጻ የተባለው በ1906 ነው፤ ዐሥራ ሁለት ዓመት።

ምሁራን ነገሩን በቁጥር ሊለኩትም ሞክረዋል። በ1940 ካርል ሆቭላንድና ሮበርት ሲርስ የተባሉ የሥነ ልቦና ባለሙያዎች ከ1882 እስከ 1930 በዩናይትድ ስቴትስ ደቡባዊ ግዛቶች የጥጥ ዋጋ ሲወርድ በደቦ የሚገደሉ ጥቁሮች ቁጥር እንደሚጨምር የሚያሳይ ጥናት አወጡ። በኋላ ስሌቱን የደገሙ ተመራማሪዎች ዝምድናው የተባለውን ያህል ጠንካራ አይደለም ብለዋል። ለእኔ ቁጥሩ ከሚነግረኝ ይልቅ ጥያቄው ይበልጥብኛል፤ ጥጥ የዘራው ጥቁር ዋጋውን ወስኖ ነበርን?

ኳስ ወዳዶችን አልረሳሁም። ሐምሌ 16 ቀን 1950 ብራዚል በማራካና ስታዲየም ወደ ሁለት መቶ ሺህ በሚጠጋ ሕዝብ ፊት በኡራጓይ 2 ለ 1 ተሸነፈች። አቻ ቢወጡ ዋንጫው የእነሱ ነበር። የሁለተኛዋ ግብ ጥፋት በግብ ጠባቂው በሞአሲር ባርቦሳ ላይ ወደቀ። ዐሥራ አንድ ሰው ተጫውቶ፣ አገር ሙሉ ሳይጫወት ድል አክብሮ፣ ጥፋቱ የአንድ ጥቁር በረኛ ሆነ። ባርቦሳ በ2000 እስከሞተበት ቀን ድረስ ይህ ሸክም አልወረደለትም፤ በጊዜው በብራዚል ትልቁ የእስር ቅጣት ሠላሳ ዓመት ሆኖ ሳለ የእሱ ቅጣት ሃምሳ መሙላቱን እያነሳ ያማርር ነበር። እውነተኛው ጎት ይህ ነው።

በሌላ አቅጣጫ ደግሞ ቃሉ በዘመናችን ተበላሽቷል። የተጠቂ ጠበቃ የነበረው ቃል አሁን የጥፋተኛም መሸሸጊያ ሆኗል። ገንዘብ በልቶ የተያዘው ሹም ካሜራ ፊት ቆሞ «ስኬፕጎት ተደረግሁ» ይላል። በእርግጥም አንዳንዴ እውነቱን ሊሆን ይችላል፤ ትንሹን ይዘው ትልቁን የሚለቁ አሉ። ብዙውን ጊዜ ግን ይህን የሚለው ሰው ቃሉን የሚፈልገው ለፊተኛው ክፍሉ ብቻ ነው፤ ለማምለጡ።

ሌሎች ቋንቋዎች ይህን ፍየል እንዴት ጠሩት? ጀርመን «ሱንደንቦክ»፣ የኃጢአት ወጠጤ ይለዋል። ፈረንሳይ የጀሮምን ላቲን ይዞ «ቡክ ኤሚሴር»፣ የሚላክ አውራ ፍየል። ጣሊያንና ስፔን የሚያስተሰርይ ፍየል፣ ሩስያ የስርየት ወይም የመለቀቅ ፍየል ይላሉ። ሸክሙን፣ መላኩን፣ ስርየቱን እንደየፊናቸው አዩ፤ ከእነዚህ መካከል ማምለጡን ያየው እንግሊዝኛው ብቻ ነው።

አማርኛችንስ? በጋዜጣና በራዲዮ ስኬፕጎትን «የመሥዋዕት በግ» እያሉ መተርጎም ተለምዷል። ልክ አይደለም። የመሥዋዕት በግ የይስሐቅ ምትክ ነው፤ ለእግዚአብሔር የሚቀርብ ንጹሕና የተወደደ ነው። በኦሪቱ ሥርዓትም የተሠዋው የመጀመሪያው ፍየል ነበር፤ የእኛ ባለታሪክ ያልተሠዋው፣ መሠዊያው ላይ ያልወጣው ነው። ሁለቱን መደባለቅ ሊቀ ካህናቱ በዕጣ የለያቸውን መልሶ አንድ በረት ማስገባት ነው።

ትክክለኛው ቃል ቤታችን ውስጥ አለ፤ የጦስ ዶሮ። የታመመ ሰው ሲኖር ወይም ዘመን ሲለወጥ፣ ቤተ ክርስቲያን ብታወግዘውም፣ ዶሮ በራስ ላይ አዙሮ «ጦስ ጥንቡሳሴን ይዘህ ሂድ» ማለት በብዙ ቤት የነበረ ልማድ ነው። አይሁድም በዮም ኪፑር ዋዜማ ዶሮ በራስ ላይ የማዞር «ካፓሮት» የሚባል ልማድ አላቸው፤ ዮሴፍ ካሮን የመሰሉ ሊቃውንት ቢነቅፉትም እስከ ዛሬ የሚፈጽሙት አሉ። ጦስ የሚለው ቃል ብቻውን እንኳ ሥራ ላይ ነው፤ «በእሱ ጦስ እኔ ተቀጣሁ» የማይል አማርኛ ተናጋሪ የለም። ዶሮዋ ምንም አላደረገችም፤ ሁሉም ያውቃል፤ ግን ይዛ የምትሄደው የሌላውን ነው። ፍየልም ብትሆን ዶሮ፣ ነገሩ ይኸው ነው።

ስለዚህ ለጋዜጠኞች፣ ለተርጓሚዎችና ለመምህራን አንድ ልመና አለኝ። ስኬፕጎትን ስታገኙ «የመሥዋዕት በግ» አትበሉ፤ «የጦስ ዶሮ» በሉ። ቃሉን ከመጻፋችሁም በፊት ያ ሰው በእውነት የሌላ ጥፋት የተጫነበት ነው ወይስ የራሱን ሸክም ሊጥል የሚፈልግ ነው ብላችሁ አጣሩ። ለቀረነው ደግሞ ዘሌዋውያን 16ንና ሄኖክ 10ን ጎን ለጎን አድርገን እንድናነብ እጠይቃለሁ፤ ሁለቱም ምዕራፎች አጫጭር ናቸው፣ አንድ ምሽት ይበቃቸዋል።